ሠሪው የማይታወቅ ጥልፍ

ኤሌኒ የዲዛይን ትምህርቷን ሦስተኛ ዓመት ስትጀምር ኮሌጇ ሊዝበን ከሚገኝ አንድ የጥበብ ትምህርት ቤት ጋር ተጣመረ። ተማሪዎቹ ካሉበት ሳይነቃነቁ በሳምንት ሁለት ቀን በኢንተርኔት አብረው ይማራሉ፣ ሁለት ሁለት ሆነውም አንድ ሥራ ይሠራሉ። ለኤሌኒ የደረሰቻት ኢኔስ የምትባል ሳቂታ ልጅ ነበረች።

ኤሌኒ ከእናቷ ከአፀደ ጋር የምትኖረው ሀና ማርያም፣ በተከራዩት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው። አፀደ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ላለ የሀገር ልብስ ሱቅ ጥልፍ ትጠልፋለች። ኤሌኒ በክፍለ ጊዜው ካሜራዋን አትከፍትም። ለምን ስትባል «ኔትወርኩ አይችልልኝም» ትላለች። ከጀርባዋ አልጋውና የእናቷ የክር ክምር እንዲታይ አልፈለገችም።

ለጋራ ሥራው ጨርቅ ላይ የሚታተም ንድፍ ሲፈለግ ግን የሄደችው ወደ እናቷ ጥልፍ ነው። የተጠማዘዘ ብረት የሚመስል፣ በመሃሉ ሐረግ የሚሾልክበት ጥልፍ ነበር። አፀደ ባሏ ሆስፒታል በተኛበት ክረምት፣ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ የመስኮቱን ፍርግርግና የተጠመጠመበትን ሐረግ ስታይ ከረመች። ባሏን ከቀበረች በኋላ ያንን ፍርግርግና ሐረግ በክር አወጣችው። ኤሌኒ ይህን እያወቀች፣ እናቷንም ሳትጠይቅ ፎቶ አንስታ ለኢኔስ ላከችው።

ኢኔስ ስታየው በደስታ ጮኸች። መምህሯም በሁሉም ፊት «ማን ነው የነደፈው?» ሲል ጠየቀ። ሌሎቹ ተማሪዎች የሥራቸው መነሻ ብለው ተራ በተራ የታወቁ ነዳፊዎችን ስም ሲጠሩ ቆይተዋል። ኤሌኒ «እናቴ» ልትል ነበር። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ታያት፤ የት ተማረች? ስቱዲዮዋን አታሳዪንም?

«የድሮ ነው። ማን እንደሠራው አይታወቅም» አለች።

ከሁለት ወር በኋላ ኢኔስ የጋራ ሥራቸው ሊዝበን ውስጥ ለእይታ የቀረበበትን ኤግዚቢሽን ፎቶ ላከች። ጨርቁ ከጣሪያ እስከ ወለል ተንጣሏል፤ በጎኑ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተለጥፏል። አፀደ ከልጇ ትከሻ በላይ አየችው።

«የኔ ነው እኮ!» አለች መነጽሯን እያስተካከለች። «እንዲህ አተለቁት? ጎኑ ላይ ምን ይላል? እስቲ አንብቢልኝ።»

«የኔና የኢኔስ ስም ነው።»

«ከሱ በታችስ? ብዙ ተጽፏል።»

እናቷ እንግሊዝኛ አታነብም፤ ኤሌኒ ያሻትን ብትል ማን ያውቅባታል? ግን ዳግመኛ መዋሸት አቃታት። «ሠሪው ከማይታወቅ የድሮ ጥልፍ የተወሰደ ይላል» አለች።

«ማነው እንዲህ ያላቸው?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

ብትቆጣ ለኤሌኒ ይቀላት ነበር። አፀደ ግን ዝግ ባለ ድምፅ «በኔ አፍረሽ ነው?» አለች። የጀመረችውንም ጥልፍ ይዛ ደጅ ወጥታ ተቀመጠች።

ኤሌኒ ያኔውኑ ለኢኔስና ለመምህሩ እውነቱን ጻፈች። ኢኔስ በማግስቱ መለሰች፤ «በየመድረኩ የነገርሽኝን ነው ያወራሁት። ለምን አልነገርሽኝም?» የግድግዳው ጽሑፍ በአፀደ ስም ተቀየረ። የኤግዚቢሽኑ መጽሔት ግን እንደ ቀድሞው ታትሞ ተበትኗል፤ እሱን ማን ይሰበስበዋል? መምህሩ አፀደ በኢንተርኔት ቀርባ ስለ ጥልፏ እንድትናገር ጋበዘ።

«እነሱማ አያውቁኝም» አለች አፀደ ግብዣውን ስትሰማ። «እነሱ ምን አደረጉኝ?» በቀኑም አልቀረበችም።

እናትና ልጅ ዛሬም ከአንድ ሳህን ይበላሉ፣ ስለ ታክሲውና ስለ ውሃው ያወራሉ። ባለፈው ሳምንት ኤሌኒ የተጠለፉ ቀሚሶች ልታደርስ ሱቁ ሄዳ ነበር።

«ያንን ሐረግ ያለበትን ጥልፍ ደንበኛ እየጠየቀ ነው» አሏት ባለሱቋ። «እናትሽ አጠላለፉ ጠፋኝ አለችኝ። እውነት ነው?»

ኤሌኒ አንገቷን ደፋች። «እንጃ» ብላ ቀሚሶቹን ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ጀመረች።