ጋዝ የሌለበት ፕላቲነም

ቪብከ የማሞቂያውን ማብሪያ ልትጫን ስትል የሥራ ባልደረባዋ ዮስት በመዳፉ ጋረደባት።

"ጋዙን ከፕላቲነሙ ላይ ካባረርሽው የትናንቱ ናሙና አለቀለት። ፕሮፌሰሩ የምርምር ጽሑፉን ስድስት ሰዓት ላይ ለመጽሔቱ ሊልኩት ነው። ኬክ ጋግረሽ ከመጣሽ በኋላ ነው የምትጠራጠሪው?"

በዚህ ቤተ ሙከራ ውጤት ያገኘ ሰው ራሱ ጋግሮ ያመጣል። የቪብከ የፕለም ኬክ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል።

ሁለት ዓመት የለፋችበት ሥራ ነው። አንድ አጭር የሌዘር ብልጭታ ከተንግስተን መርፌ ጫፍ ኤሌክትሮኖችን ያስወጣል፤ እነሱም ፕላቲነሙ ላይ ነጥረው ከፊት ለፊቱ ባለው ሰሌዳ ላይ የብርሃን ነጠብጣቦች ይሥላሉ። ሌላ ብልጭታ ፕላቲነሙ ላይ የተለጠፈውን የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ያላቅቃል። ባለፈው ሳምንት ነጠብጣቦቹ ደበዘዙ፤ ጋዙ ሲላቀቅ ታየ ተባለ። ችግሩ፣ መደብዘዙ የጀመረው ሁለተኛው ብልጭታ ፕላቲነሙን ከመንካቱ በፊት ነበር።

"ብልጭታው ብረቱን የሚነካባትን ቅጽበት፣ ዜሮዋን፣ ወደ ኋላ የሳብኳት እኔ ነኝ፤ ግራፉ እንዲያምር" አለች ቪብከ። "እጅህን አንሳ።"

"እሺ እመቤቴ" አለና አነሳ።

ፕላቲነሙ ጋለ። የግፊት መለኪያው ዘሎ ወረደ፤ ጋዙ ወጣ። እስኪቀዘቅዝ ጠብቃ አርባ ደቂቃ ለካች። ባዶው ብረት ላይም ነጠብጣቦቹ ደበዘዙ፤ ያው በዚያው ልክ፣ ያው ከብልጭታው ቀድመው።

ፕሮፌሰር ሃርምስ የኬክ ቢላዋ ይዘው ሲገቡ ሁለቱን ግራፎች ጎን ለጎን አሳየቻቸው። ሁለተኛው ብልጭታ ከብረቱ ከራሱ የኤሌክትሮን ደመና እንደሚያስነሳ፣ ደመናውም ቀድመው ነጥረው ወደ ሰሌዳው በመጓዝ ላይ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ከኋላ እንደሚገፋ አስረዳቻቸው። ከጋዙ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።



"ውልሽ መጋቢት ላይ ያልቃል" አሉ ፕሮፌሰሩ። "ተፎካካሪዎቻችንም እየቀደሙን ነው።"

"አውቃለሁ። ብልጭታውን አሥር እጥፍ ካደከምነው ደመናው ይጠፋል።"

"የጋዙ ምልክትም አብሮ ቢጠፋስ?"

"ከጠፋማ ድሮም አልነበረም።"

ፕሮፌሰሩ ጽሑፉን እንደማይልኩት ተናግረው ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ቪብከ ዜሮዋን ወደ ቀድሞ ቦታዋ መለሰች። ከዚያ ፕላቲነሙ ያለበትን የብረት ታንክ ከሚጠቀልሉበት የአሉሚኒየም ወረቀት ክንድ ያህል ቀድዳ ወደ ወጥ ቤቱ ሄደች። ዮስት ሳህን ይዞ ይጠብቃል።

"አንድ ቁራጭ እንኳ?"

"ደንቡን ታውቀዋለህ" አለችና ያልተቆረሰውን ኬክ ጠቅልላ ፍሪዘሩ ውስጥ ከተተችው።