በቀን አንድ መስመር

እኔ ሰው ማመን የተውኩት በጾም ነው። ሳቁ ከፈለጋችሁ። ሌላው ሰው በጾም ከክፉ ሥራው ይመለሳል፣ እኔ ከጓደኛዬ ተመለስኩ።

የምሠራው ቬሎ የሚሰፋበት ቤት ነበር፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ወለሉ ቢጠረግ ቢጠረግ ስፒል የማያጣ። ሃያ ሁለት ዓመት የእጅ ሥራውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ዶቃው፣ ዳንቴሉ፣ በመኪና የማይደፈረው ጠርዝ ሁሉ የኔ ነበር። አጠገቤ ባለው የስፌት መኪና የምትቀመጠው ደግሞ ቅመም ናት። ቅመም ያልናት እሷ የቀረች ቀን የቤቱ ወሬ ስለማይጥም ነው። በአሥር ዓመት ታንሰኛለች፣ እትዬ ትለኛለች፣ ጸሎትም የምንጸልየው በአንድ ቡድን ነው። ሆዴን የምሰጣት ለእሷ ብቻ ነበር።

በዚያ ዓመት ጾሙ ሲገባ የቡድናችን መሪ አንድ ነገር አዘዙን።

"ምግብ መተዉን ሁላችሁም ታውቁበታላችሁ" አሉ። "ዘንድሮ ዓይናችሁን ክፈቱ። በየቀኑ እግዚአብሔርን የት እንዳያችሁት በደብተር ጻፉ። ስብከት እንዳትጽፉልኝ፤ በቀን አንድ መስመር ይበቃል። እሑድ እሑድ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ደብተር ተለዋወጡና አንዳችሁ ለሌላው ጸልዩ።"

የኔ ጥንድ መቼም ቅመም ናት፤ ሌላ ማን ትሆናለች?

መጀመሪያ የቀለዱብኝ መሰለኝ። እግዚአብሔርን ስፒል ስለቅም ላገኘው ነው? እያደር ግን ነገሩ ጣመኝ። ቀኑን ሙሉ እሱን ስፈልግ እውላለሁ፣ ደግሞም አገኘዋለሁ። በዚያ ላይ ዓይኔ መድከም ጀምሮ ነበር። ይሄን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። እንደኔ በመርፌ ለምታድር ሴት ዓይኗ ደከመ ማለት ሥራዋ አለቀለት ማለት ነው። ለእግዚአብሔር ግን አልደበቅኩትም፣ እንዲህ እያልኩ ጻፍኩለት፦

"ዛሬ መርፌው እምቢ አለኝ። ጨርቅ ቆራጩ ጋሼ ምንም ሳይጠይቁኝ ክሩን አስገብተው ሰጡኝ። እዚያ ነበርክ።"

"ዛሬ ነጩን ዶቃ ከግራጫው መለየት አቅቶኝ ስጨነቅ ፀሐይ በመስኮት ገባች። አንተ ነህ የላክሃት።"

"ዛሬ ጠርዙ ተጣመመብኝ፣ ፈትቼ ደገምኩት። ሙሽራዋ ሳትመጣ አደረስከኝ።"

ቅመም በየሳምንቱ ደብተሬን ወስዳ ትመልሳለች፤ የራሷን ግን "ኧረ እትዬ፣ ጽሑፌ ያሳፍራል" እያለች አትሰጠኝም። በአምስተኛው እሑድ ግን የኔን ወስዳ የራሷን ሰጠችኝ። ማታ ማታ ማንበብ ስለማይሆንልኝ ሳልከፍተው ቦርሳዬ ውስጥ ሰነበተ።

ረቡዕ ጠዋት አሠሪያችን አስጠሩኝ። ስገባ ደብተሬ ጠረጴዛቸው ላይ ነው። ክው አልኩ።

ቁጭ እንኳ ሳልል ማንበብ ጀመሩ፤ ጣታቸውን በየመስመሩ እያስኬዱ። "መርፌው እምቢ አለኝ። ዶቃውን መለየት አቅቶኝ። ጠርዙ ተጣመመብኝ።" እግዚአብሔር ያለበትን እየዘለሉ የኔን ብቻ አነበቡት። ምስጋናዬ ክስ ሆኖ ቁጭ አለ። "ምንድን ነው ይሄ? የሰው ቬሎ በዳበሳ ነው እንዴ የምትሰፊልኝ?"

"ማን ሰጠዎት?" አልኩ፣ ማን እንደሆነች እያወቅኩ።

"ላንቺ አስባ ነው። ዓይኗ ጨርሶ ሳይጠፋ ትረፍ አለች። የእጅ ሥራውንም እኔ ልያዝ ብላለች። አስረክቢያት።"

"እኔስ?"

"አንቺንማ የት ላድርግሽ? በካውያ መተኮሱም እኮ ዓይን ይፈልጋል።" ድምፃቸው ክፉ አልነበረም። ይሄ ነው የባሰብኝ።

ወጥቼ የጨርቅ ማስቀመጫው ክፍል ገባሁ። የቅመምን ደብተር ከቦርሳዬ አወጣሁና መስኮቱ ሥር አስጠግቼ ከፈትኩት።

"ዛሬ ቬሎውን በካውያ አቃጠልኩት። እትዬ እኔ ነኝ ብላ ስድቡን ጠጣችልኝ። እግዚአብሔርን በእሷ አየሁት።"

"ዛሬ ልጄ ታሞ አረፈድኩ። እትዬ ሥራዬን ሠርታልኝ ጠበቀችኝ። እግዚአብሔርን በእሷ አየሁት።"

ገጹን ብገልጥ እትዬ፣ ብገልጥ እትዬ።

ደሜ ፈላ። ይሄን ይዤ ብመለስ ስለ ካውያው ብቻ ዛሬውኑ ትባረራለች፣ የኔም ቦታ ለኔ ይቀራል። ተመልሼ አሠሪያችን በር ላይ ቆምኩ። "በል እንግዲህ፣ አሁንስ የት ነህ?" አልኩት አምላኬን። "ጻፊ ስባል ጻፍኩ፣ አይደል? የጻፍኩልህን ይዘው መጡብኝ! እያየህ ዝም አልክ!" በሩን ግን አላንኳኳሁም። ጻድቅ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ያቺ የአሠሪያችን ጣት በሌላ ሰው ጸሎት ላይ ስትሄድ ማየት አስጠልቶኝ ነው።

ወደ ሥራ ክፍሉ ገባሁ። ቅመም ከመኪናዋ ቀና አላለችም።

"ጠሩሽ እንዴ እትዬ?"

"ጠሩኝ።"

"ላንቺው ብዬ ነው፤ ዓይኔን ግንባር ያርገው!"

"ዓይንሽን ተይው። የኔ ይበቃል።"

"ልነግርሽ ነበር እኮ..."

"ለእግዚአብሔር የነገርኩትን ነው የወሰድሽብኝ!" አልኩ፤ ጮኼ ኖሯል፣ ጋሼ መቀሳቸውን አስቀመጡ። "እኔን ብትጠይቂኝ በጄ አስተምሬ እሰጥሽ ነበር፣ አንቺ ከሐዲ!"

እሷ ማልቀስ ጀመረች። እኔ እንባዬ እምቢ አለኝ። የዶቃውን ሣጥን አንስቼ ፊቷ አስቀመጥኩ፤ "ነጩ በግራ፣ ግራጫው በቀኝ ነው" አልኳት። ከዚያ ከጋሼ እስክሪብቶ ተቀብዬ ደብተሯን ከፈትኩና ከመጨረሻዋ መስመር ሥር፣ ለኔም እንዲታየኝ በትልልቁ፣ በእሷ ቦታ ሆኜ ጻፍኩ፦

"እግዚአብሔርን ያየሁባትን ሴት ዛሬ አሳልፌ ሰጠኋት።"

ቀኑን ጨመርኩበትና መኪናዋ ላይ አኖርኩላት። ደረጃውን በእጄ እየዳበስኩ ስወርድ "እትዬ! እትዬ!" እያለች ስትጣራ ሰማኋት። ዞር አላልኩም።