የወይራው ታኮ

"ታኮውን እንዳትነኪው! ከነካሽውማ መኪናው ይሄዳል" አለ አቶ ሽታሁን፣ የጣቢያው ኃላፊ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ይልቅ ጨርቅሽን ጣል አድርጊበት። አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ጎማውን እጠቢ። እንግዶቹ እስኪሄዱ ከዚያ እንዳትነሺ።"

ደስታነሽ እርጥቡን መወልወያ ጣለችበት። ታኮው የወይራ ጉማጅ ነው። አንድ ክንድ አይሞላም፤ ግን ከፊት ጎማው ሥር ገብቶ ያን ሁሉ ብረት ብቻውን ይዞታል። የሞጣው የእሳት አደጋ መኪና የእጅ ፍሬኑ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። የእግሩም ሦስት ጊዜ ካልተረገጠ አይዝም፤ ሦስተኛው ላይ የሚይዘውም ደስ ካለው ነው። ስለዚህ ረዳቱ አያ ዳምጤ ታኮውን ታቅፈው በሩ ላይ ይንጠለጠላሉ፤ መኪናው ሊቆም ሲል ዘለው ይወርዱና ጎማው ሥር ይደነቅሩታል። ባለፈው ጥር ሲዘሉ ዳሌያቸው ተመትቶ ከዚያ ወዲህ ያነክሳሉ።

የመኪናው ሹፌር የደስታነሽ ልጅ አንዷለም ነው። እሷ የጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ ናት። ሳይረኑ በጮኸ ቁጥር መጥረጊያዋን ጥላ በር ላይ ትቆማለች፤ ተመልሶ ሲገባ ካላየች ሥራ አይያዝላትም።

ዛሬ ርክክብ ነው። ለሞጣ አዲስ መኪና ተፈቅዷል። ነገር ግን ከዞን የመጣው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፤ አሮጌው ተመርምሮ ደህና ከሆነ አንድም መኪና ለሌላት ለቢቸና ይተላለፋል፣ ሞጣም አዲሱን ትረከባለች። አሮጌው ካልሠራ ግን አዲሱ በቀጥታ ቢቸና ይሄዳል፤ ሞጣ ተራዋን ትጠብቃለች።

አሮጌውን ቢቸና ድረስ የሚነዳው ደግሞ አንዷለም ነበር።

"አቶ ሽታሁን" አለች ደስታነሽ ጎማው ሥር እንደተቀመጠች፣ "ወደ ወንዙ የሚወርደውን ያን ጥምዝምዝ ቁልቁለት ልጄ በዚህ ፍሬን እንዴት አድርጎ ይወርደዋል?"

"እንደ ሁልጊዜው ነዋ። በአንደኛ ማርሽ፣ ቀስ እያለ።"

"ሁልጊዜማ ከገበያው ማዶ አልፎ አያውቅም።"

አንዷለም የመኪናውን መስታወት እየወለወለ ሰማት። "እማዬ፣ ጀመርሽ ደግሞ! አንድ ቀን እኮ ነው። ነገ አዲሱ ላይ እቀመጣለሁ።"

"ለክፉ ነገር አንድ ቀን ያንሰዋል?"

"እኔ ታኮዬን ይዤ አብሬው እሄዳለሁ፣ እታለም" አሉ አያ ዳምጤ።

"በዚህ ዳሌዎ የት ሊዘሉ?"

"ለመውደቅ ዳሌ መች ያስፈልጋል!"

አንዷለም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ደግሞም አዲሱን መኪና የማትፈልግ ሆና አይደለም። አምና የጎረቤቷ የጥሩአየሁ ልብስ ስፌት ቤት ሲቃጠል ይህ መኪና የገበያውን ቁልቁለት ፈርቶ በዙሪያ ሲንፏቀቅ ደረሰ። ሲደርስ ከሲንጀሩ ብረቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ጥሩአየሁ ዛሬም በደስታነሽ ደጅ ባለፈች ቁጥር "አዲሱ መቼ ነው የሚመጣው?" ብላ ሳትጠይቅ አታልፍም።

አቶ ሽታሁን ሰዓቱን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ ተናገራት።

"ስሚኝ፣ እትዬ ደስታነሽ። ልጅሽን አልልከውም። የቢቸናው ሹፌር ራሱ ይዞት ይሂድ። አንዴ ከተፈረመ የእነሱ ንብረት ነው። አሁንስ ደስ አለሽ?"

ደስታነሽ ቀና ብላ አየችው። ከሳምንት ጀምሮ ደረቷ ላይ ተጭኖ የነበረው ነገር ድንገት ተነሣላት። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለች። "እድሜ ይስጥዎት።"

ጎማውን በደስታ ማሸት ያዘች። ጭቃው ሁሉ ለቆ ጎማው እስኪያበራ ድረስ አሸችው።

እንግዶቹ አራት ሰዓት ላይ ደረሱ። ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ከዞን የተላከችው መርማሪ ሳባ ናት፤ ወጣት፣ መነጽር ያደረገች፣ ቅጽ የያዘ ሰሌዳ በክንዷ ያቀፈች። ሌላው የቢቸናው ሹፌር መንግስቴ ነው። ሠላሳውን ያለፈ፣ ቁመተ ረጅም ሰው ሲሆን በአንድ እጁ የላስቲክ አበባ፣ በሌላው ጠበል የሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ ይዟል።

"ይኼ ሁሉ አበባ ለሠርግ ነው?" አሉ አያ ዳምጤ።

"ከሠርግስ ይበልጣል፣ አባቴ! ቢቸና በእልልታ ነው የሚጠብቀን።" መንግስቴ ጠበሉን በመኪናው አፍንጫ ላይ ረጨው፤ ከዚያ አበባውን ከፊት መከላከያው ብረት ላይ ያስር ጀመር።

ሳባ ሥራዋን ጀመረች። አንዷለም ሞተሩን አስነሣ። ሳይረኑ ጮኸ፤ መብራቱ በራ። የውሃው ቱቦ ጥቂት አንቋርሮ ውሃውን ከጣሪያው በላይ ወረወረው። ሳባ እያንዳንዱን እያየች ቅጹ ላይ ምልክት አደረገች።

መንግስቴ አበባ ማሰሩን ገታ አድርጎ ደስታነሽ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ከኪሱ የተቋጠረ ጨርቅ አውጥቶ ፈታው።

"እማማ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲደክሙ አየሁዎት። በሶ ነው፣ ይቅመሱ። የእናቴ ስንቅ ነው፤ ለሰው ሳላቀምስ ከበላሁት አትለቀኝም።"

የስንቅ ግብዣ እምቢ አይባልም። ቆንጥራ ጎረሰች። በሶው በማር የተለወሰ ነበር።

"እጇ ይባረክ። ደህና ናት እናትህ?"

"ደህና ናት። ዛሬማ መንገድ ዳር ቁጭ ብላለች። 'ሳይረኑን ሳልሰማ ቤት አልገባም' አለች። አሁን ሦስቴ ደውላለች።" ሳቀና ድምፁን ቀነስ አደረገ። "እውነት ይንገሩኝ፣ እማማ። እዚህ ውለው የሚያድሩ እርስዎ ነዎት። ፍሬኑ እንዴት ነው? የዚያ ወንዝ ቁልቁለት ያስፈራኛል።"

ደስታነሽ ወደ ጎማው ዞራ ማሸቷን ቀጠለች። በጨርቁ የተሸፈነው ታኮ ከጉልበቷ ጋር ተነካክቶ ነበር።

"እኔ ጠራጊ ነኝ፣ ልጄ" አለች። "ሹፌሩን ጠይቀው።"

መንግስቴ የበሶውን ቋጠሮ እሷ ዘንድ ትቶ ወደ በሩ ሄደ። "ወንድሜ፣ ፍሬኑ እንዴት ነው?"

አንዷለም ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ዓይኑ ከመንግስቴ ፊት ሸሽቶ እናቱ አጠገብ የተዘረጋው ጨርቅ ላይ አረፈ።

"ደህና ነው" አለ።

ደስታነሽ ሃያ ስድስት ዓመት ያሳደገችውን ልጅ ድምፅ ሰማች። ሕፃን ሆኖ ማሰሮ ሰብሮ "እኔ አይደለሁም" ሲል እንዲሁ ነበር የሚያሰልለው። ያኔ ማሰሮ ነበር የተሰበረው።

"የቀረው የእጅ ፍሬን ነው" አለች ሳባ።

"እሱማ ምን ምርመራ ያሻዋል?" አቶ ሽታሁን ቀልጠፍ ብሎ መለሰ። "ግቢው ተዳፋት ነው። መኪናው ሹፌር ሳይኖርበት ቁልቁል ዞሮ ቆሟል። ቆሞ እያየሽው!"

ሳባ መኪናውን አየች። እውነትም ቆሟል። ከፊቱ ያለው ቦታ እስከ አጥሩ ድረስ ያዘቀዝቃል፤ አጥሩ ሥር ለአዲሱ መኪና መጠለያ ወለል የመጣ ትልቅ የአሸዋ ክምር አለ። ብዕሯን ወደ ቅጹ አስጠጋች፤ ከዚያ ቆም አለች።

"ያ ጨርቅ ሥር ያለውስ ምንድን ነው?"

"የትኛው? እ፣ እሱማ የእሷ ዱካ ነው" አለ አቶ ሽታሁን፤ "የጽዳቷ። እየተቀመጠች ጎማ የምታጥብበት።"

"ዱካ ነው፣ እማማ?" አለች ሳባ።

ሁሉም ወደ ደስታነሽ ዞሩ። አቶ ሽታሁን ትክ ብሎ አያት፤ ልጅሽን ትቼልሻለሁ የሚል አስተያየት ነበር። አንዷለም ከንፈሩን ነክሷል። አዲሱ መኪና፣ የልጇ አዲስ ወንበር፣ የጥሩአየሁ ጥያቄ፣ ሁሉም በአንድ ቃሏ ላይ ተንጠልጥሏል። መንግስቴ ብቻ አላያትም። ተመልሶ ከመኪናው ፊት ተንበርክኮ የመጨረሻውን አበባ እያሰረ ነው፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይጮኻል።

"እናቴ ናት" አለ ለራሱ፣ ሳያነሣው። "አራተኛዋ።"

"አዎ" አለች ደስታነሽ። "የእኔ ዱካ ነው።"

አቶ ሽታሁን ተነፈሰ። የሳባ ብዕር ቅጹ ላይ አረፈ።

"መንግስቴ፣ ልጄ" ብላ ተጣራች ደስታነሽ፣ የበሶውን ቋጠሮ ከፍ አድርጋ። "ስንቅህን ና ተቀበለኝ።"

"ይያዙት፣ እማማ፣ አበባው—"

"አሁን ና! ወዲህ፣ ከኋላዬ።"

ድምፅዋ ያልለመደው ሰው እንኳ እንዲታዘዝ የሚያደርግ ነበር። መንግስቴ ተነሥቶ መጣ። ቋጠሮውን ሰጠችው። ከመኪናው እስከ አሸዋው ድረስ ዓይኗን አንዴ ላከች፤ ሰው የለም። አያ ዳምጤ ታኮውን የሚያወጡበት ብረት ጎማው አጠገብ ተጋድሟል። አነሣችው።

አያ ዳምጤ ገባቸው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አነከሱ።

"እማዬ!" አለ አንዷለም።

"ደክሞኛል፣ ልጄ" አለች። "ዱካዬ ከሆነ ልቀመጥበት።"

አያ ዳምጤ ሲያደርጉት እንዳየችው ታኮውን በጎኑ መታችው። አንዴ፣ ሁለቴ። በሦስተኛው ወይራው ተፈናጥሮ ወጣና እግሯ ሥር ተንከባለለ።

መኪናው መጀመሪያ ያልሰማ መሰለ። ከዚያ ብረቱ አቃሰተ፤ የታጠበው ጎማ ቀስ ብሎ ዞረ። ሹፌር አልባው መኪና አበባውን በአፍንጫው ታቅፎ፣ እርሻ እንደጨረሰ በሬ እየተጎተተ ወረደ፤ እየወረደ ፈጠነ። አሸዋው ውስጥ እስከ መብራቱ ድረስ ተሰክቶ ሲቆም ግቢው በአቧራ ተሞላ።

የመንግስቴ ስልክ እንደገና ጮኸ። በዚህኛው አነሣው።

"እማዬ" አለ፣ ዓይኑን ከአሸዋው ሳይነቅል። "ቤት ግቢ፣ እማዬ። ዛሬ አልነዳም።"

ሳባ ቅጹ ላይ የጀመረችውን ምልክት ሰርዛ ሌላ ጻፈች። አቶ ሽታሁን ወደ ደስታነሽ ዞረ፤ ነገር ግን እሷ አላየችውም። የወይራውን ጉማጅ አነሣች፤ አቧራውን በጨርቋ ጠረገች፤ ጎማው ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ አስቀመጠችና ተቀመጠችበት።