የታጠበው ግቢ

ወንድሜ ማኩረፍ ያውቅበታል። ሌላ ሰው ሲያኮርፍ ፊቱን ያጠቁራል፣ በር ያላትማል፤ የእኔ ወንድም ግን ጨዋነት ይጨምራል። ሳልፍ መንገድ ይለቅልኛል፣ ስቀመጥ ወንበር ይስብልኛል፤ ቃል ግን አይተነፍስልኝም። የሚነግረኝ ነገር ካለው ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እንኳ በሰው በኩል ነው። እሁድ እናታችን ቤት ስንሰበሰብ «እማዬ፣ ጨዉን እንድታቀብለኝ ንገሪልኝ» ይላል። እማዬ መጀመሪያ ሰሞን ለማስታረቅ ደፋ ቀና አለች። ሲሰለቻት ሌላ የጨው ዕቃ ገዛችና አንዱን በእሱ በኩል፣ አንዱን በእኔ በኩል አስቀምጣ ተገላገለች።

ጥፋቴ እውነት መናገሬ ነው። ሁለታችንም የምንሠራው አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ እሱ የማቅለሚያ ክፍሉ አለቃ፣ እኔ የፍሳሽ ማጣሪያው ኃላፊ። እሱ ጨርቁን ሰማያዊ ያደርጋል፣ እኔ ደግሞ ወንዙ ሰማያዊ እንዳይሆን እጠብቃለሁ። ባለፈው ፍተሻ ተቆጣጣሪው የቀለም ባልዲዎቹን አይቶ «የእነዚህ እጣቢ የት ነው የሚደፋው?» ሲለኝ፣ የማቅለሚያ ሠራተኞቹ ሲቸኩሉ የዝናብ መውረጃው ቦይ ውስጥ እንደሚደፉት ነገርኩት። ያ ቦይ የጣሪያና የግቢ ዝናብ ተቀብሎ፣ በእኔ ማጣሪያ ሳያልፍ፣ ከአጥራችን ጀርባ ያለው ወንዝ ውስጥ የሚጨምር ነው። በዚያ ወንዝ ሰው አትክልት ያጠጣል፣ ልጆች ይንቦራጨቁበታል። ታዲያ ምን ልበለው? ልዋሽ?

ተቆጣጣሪው መቆጣት አያውቅም። «በሚቀጥለው ስመጣ ከዝናብ በቀር አንዲት ጠብታ በዚህ ቦይ ከግቢ ስትወጣ ካገኘሁ፣ ማቅለሚያ ክፍሉን አሽጋለሁ» አለና ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ በመካከላችን «አቶ ጠብታ» ሆነ። ወንድሜ ደግሞ መላው ፋብሪካ እየሰማ «የገዛ እህቴ!» አለ። ከአፉ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነበር። አልፈርድበትም፤ ማቅለሚያው ቢታሸግ ከነሠራተኞቹ ቤቱ የሚቀመጠው እሱ ነው። ግን እኔም ሰው ነኝ፣ ተቃጠልኩ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ላይ ተጣድኩ። የማቅለሚያውን እጣቢ ሁሉ በቱቦ ወደ ማጣሪያ ገንዳዎቼ አዞርኩ። የቀለም ዱቄት የሚራገፍበት ቦታ ላይ ጣሪያ አሠራሁ። ቦዩ አጥሩን ከማለፉ በፊት ደግሞ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ የብረት መዝጊያ አስገጠምኩ። ሥራ አስኪያጁ «ይሄ ደግሞ ለምን ይጠቅማል?» ሲለኝ «ለክፉ ቀን» አልኩት። ከተገጠመ ወዲህ ማንም ነክቶት አያውቅም።

ከፍተሻው በፊት የቀረኝ አንድ ነገር ነበር። እንዲህ ያለ የፋብሪካ ግቢ በውሃ አይታጠብም፤ በመጥረጊያ ተጠርጎ፣ ጥራጊው ተዝቆ ይነሳል። ውሃ ካስነኩት በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የተደበቀው ቀለም ሁሉ ተነስቶ ቦዩ ውስጥ ይገባል። ይህን ለየክፍሉ በአፌ ነገርኩ። ለወንድሜ ግን እንደ ልማዳችን በመልእክተኛ ላክሁ። መልእክተኛችን የመጋዘን ኃላፊዋ ነች፤ ወሬ ስለማያመልጣት «ሬዲዮ» እንላታለን። «ግቢው በደረቁ ብቻ ይጽዳ፣ ውሃ የሚባል ነገር እንዳይነካው በይልኝ» አልኳት። ሬዲዮ በእኔና በወንድሜ መሃል ስትመላለስ ጫማዋ አልቋል። እንደ ሰለቻት ማወቅ ነበረብኝ።

የፍተሻው ዕለት ጠዋት በግቢው በር ስገባ ክው አልኩ። ግቢው ያበራል! ሲሚንቶው ከፈሰሰ ጀምሮ እንዲህ ጸድቶ አያውቅም። ግድግዳው ሥር ያለው ያረጀ የዘይት እድፍ እንኳ ጠፍቷል። ወንድሜ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ የውሃ ጎማ በእጁ ይዞ፣ ከአጥሩ ጥግ ቆሟል። ሬዲዮ በደስታ እየተፍለቀለቀች መጣች።

«አየሽልኝ? ከሁሉም ቀድሞ ገብቶ በሳሙና ሲፈትገው ነው ያረፈደው። ‹ዛሬ እህቴ በሰው ፊት አታፍርም› እያለ!»

አንጀቴን በላው። እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ። ወዲያው ግን ነቃሁ።

«ምን ብለሽ ነበር የነገርሽው?»

«‹ግቢው ይጽዳ ብላለች› ነዋ! ያንን ሁሉ ንግግር ማን ይሸከማል? አሳጠርኩት።»

ወደ ቦዩ ሮጥኩ። ጉድ ፈላ! አረፋ፣ ያውም ሰማያዊ አረፋ፣ ቦዩን ሞልቶ እየተንከባለለ ወደ አጥሩ ይገሰግሳል። ያንን ሁሉ ልፋቴን ውሃ በላው። ይህን እያየሁ ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። አቶ ጠብታ ደርሷል።

«ጋሼ! መዝጊያውን አውርደው!» ብዬ ጮህኩ። መዝጊያው ያለው እሱ አጠገብ ነው።

እግዜር ያሳያችሁ! ወንድሜ ወደ ሬዲዮ ዞሮ «ምን አለች?» አላት።

ሬዲዮ የመጋዘን ቁልፏን መሬት ላይ ወረወረችው። «በቃኝ! ከዛሬ ጀምሮ እኔ የለሁበትም! ጆሮ አለህ፣ አፍ አለህ፣ ራሷን ጠይቃት!»

ወንድሜ አየኝ። አፉ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ እንደገና ተከፈተ። አረፋው እግሩ ሥር ደርሷል።

«ድምቡሼ፣ የቱን ነው?»

ድምቡሼ የልጅነት ስሜ ነው። ዛሬ ነፋስ የሚወስደኝ ቀጫጫ ሆኛለሁ፤ እሱ ግን ሳይጣላኝ በፊት በሌላ ስም ጠርቶኝ አያውቅም። በዚያ ጭንቅ መሃል ሳቄ መጣ።

«ያንን ብረት! እጀታውን ወደ ታች!»

ተንጠለጠለበት፤ ብረቱ ንቅንቅ አላለም። እኔም ደርሼ ተንጠለጠልኩ። «ግፊው!» ይለኛል፤ «አንተ ግፋው!» እለዋለሁ። ተዘጋግተን የከረምንበትን ሁሉ እዚያ ብረት ላይ ተጯጩኸን ተወጣነው። ድንገት መዝጊያው ጓ! ብሎ ወረደና ሁለታችንም አረፋው ውስጥ ዘጭ አልን። አረፋው ብረቱን ገጭቶ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ቀና ስል ከፊቴ የጎማ ቦቲ ጫማ አየሁ። አቶ ጠብታ ቦርሳውን ይዞ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ እንጃ።

አፌን ሳልከፍት ወንድሜ ቀደመኝ። አናቱ ላይ ሰማያዊ አረፋ ቁጢጥ ብሎበት ተነሳና፣ «እኔ ነኝ ጌታዬ» አለ። «ውሃውን የለቀቅኩት እኔ ነኝ። እህቴ የለችበትም። ያስዘጋችውማ እሷ ናት።»

አቶ ጠብታ ወደ በሩ ዞረ። «ከአጥሩ ጀርባ እንሂድ» ብቻ አለ።

ቦዩ ወንዙ ላይ የሚከፈትበትን ቱቦ ሊያይ ነው። ውሃ እያንጠባጠብን ተከተልነው፤ ሬዲዮም ከኋላችን። አንዲት ጠብታ ከመዝጊያው ቀድማ አምልጣ ከሆነ አለቀልን፤ ማቅለሚያውም ታሸገ፣ ወንድሜም በዚያው ቦይ መዘዝ ለሁለተኛ ጊዜ ጉድ ሆነ። እሱ ግን እጄን ያዘኝ፤ ልጆች ሳለን መንገድ ሲያሻግረኝ እንደሚይዘኝ አጥብቆ።

አቶ ጠብታ ቱቦው አፍ ላይ ተንበረከከና መነጽሩን አስተካከለ። ብዙ አየ። ከዚያ በጣቱ ጠራን። በቱቦው አፍ ላይ ሸረሪት ድሯን ከዳር እስከ ዳር ወጥራለች። አንድ ክር አልተበጠሰም፤ ባለቤቷም መሃሉ ላይ ተንሰራፍታ ተቀምጣለች። ከድሩ ሥር ያለው አቧራ ደረቅ ነው።

«ዝናቡ ካቆመ ወዲህ በዚህ ያለፈ ነገር የለም» አለ አቶ ጠብታ። «ማቅለሚያው አይታሸግም።»

ወንድሜ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔ ያቺን ሸረሪት ብስማት ደስ ባለኝ።

«የታገደውን ውሃ በፓምፕ ወደ ማጣሪያው መልሱት፤ ሳትጨርሱ አልሄድም» አለ አቶ ጠብታ። «ለእኚህ ሰውዬ ደግሞ የፋብሪካ ግቢ እንዴት እንደሚጸዳ አንድ ሰው ያስተምራቸው።»

«እህቴ ታስተምረኛለች» አለ ወንድሜ።

«በቀጥታ?» አለች ሬዲዮ። አቶ ጠብታ ለምን እንደምንስቅ አልገባውም፤ እሱም ግን ፈገግ አለ።

ፓምፕ ስንጎትት ዋልን። ወንድሜ አንዴ አፉ ከተከፈተ ማን ይመልሰው! ስለ ጨርቁ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ፣ የከረመውን ወሬ ሁሉ አራገፈልኝ። ለእሱም መዝጊያ ቢኖር ባወረድኩት ነበር። እያሾፍኩ አይደለም፣ ደግሞም እያሾፍኩ ነው፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እሁድ እማዬ ቤት ለምሳ ተቀመጥን። የወንድሜ ጆሮ አሁንም ሰማያዊ ነው፤ አልለቅ ብሎታል። እማዬ ጆሮውን አየት አድርጋ አለፈችው። እሱ ምግቡን ቀመሰና ቀና አለ።

«ድምቡሼ፣ ጨው አቀብዪኝ።»

ጨዉ ክርኑ ሥር ነበር። ተነስቼ የእኔን አቀበልኩት።

እማዬ ከወንበሯ ተነሳች። ክርኑ ሥር ያለውን የጨው ዕቃ አንስታ ወደ ጓዳ ይዛው ገባች። ቶሎ አልተመለሰችም።