ነጭ መሬት ላይ አይፈስም

«ፊትሽን መልሺ እንጂ ቡሩል፣ ሰው እየገባ ነው» አለቻት ዙራ፣ የሟቹ ታላቅ እህት።

ቡሩል ፊቷን ወደ ድንኳኑ ግድግዳ መለሰች። ባሏ የሞተባት ሴት እንግዳ አታይም፤ ግድግዳውን እያየች ሙሾዋን ታወርዳለች። ስድስት ቀን ሙሉ ያንኑ የግድግዳውን ሸምበቆ ከማየቷ የተነሳ ይንቀሳቀስባት ጀምሯል። አንዳንዴ ውሃ ይሆናል። በዚያ ውሃ ውስጥ ሟቹ ባሏ ሻርሼን ፈረሱን እየሳበ ይሻገራል፤ ዞር ብሎ ግን አያያትም። ከጀርባዋ ሻይ ይቀዳል፣ ሴቶቹ ስለ ዝናቡና ስለ ሣሩ ይንሾካሾካሉ። ለቅሶ ቤት መቼም ወሬ አያልቅበትም።

ልጇ ናዚክ አጠገቧ ቁጭ ብላ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች።

«እማ፣ ጉድጓዱን ቆፍሬዋለሁ። ከበረቱ ጀርባ።»

«የምን ጉድጓድ?»

«ታውቂዋለሽ። ነገ ሰባቱ ነው፣ የሦስት መንደር ሰው ይመጣል። ያ አይብ ለሰው አይቀርብም።»

«በአባትሽ ሰባት ነጭ ላፍስስ?»

እኛ ዘንድ ወተቱም እርጎውም አይቡም ስሙ አንድ ነው፤ ነጭ እንለዋለን። ነጭ ደግሞ መሬት ላይ አይፈስም። ሻርሼን በዚህ ነገር ከሁሉም ይብስ ነበር። ሳህን ጠርዝ ላይ የቀረችውን ጠብታ በጣቱ ጠርጎ ይልሳል። ቡሩል «አንተስ ድመት ነህ» ስትለው፣ «ድመት ምን አጠፋች?» ይላታል።

ነጭ ሲያፈስ ያየችው አንድ ቀን ብቻ ነው። በተጋቡ ዓመት፣ ከብት ይዘው ተራራ በወጡበት ጊዜ፣ እባብ ድንኳናቸው ገባ። ቤት የገባ እባብ አይገደልም፤ አናቱ ላይ ነጭ ፈሶለት በክብር ይሸኛል። ያ ቁመተ ሎጋ ሻርሼን እባብ ሲያይ ነፍሱ አትቀርለትም ነበር። ከሩቅ እጁን ዘርግቶ የእርጎውን ሳህን አጋደለና፣ «ሂድ ወንድሜ፣ ቤታችንን አይተሃል፣ ደህና ሂድ» አለው። እሷ ሳጥን ላይ ወጥታ በሳቅ ፈረሰች። ከልቧ የወደደችው ያን ዕለት ነው።

ዘንድሮ ቡሬዋ ላም ግቷ አበጠ። የከብት ሐኪሙ ለቡሩል የአምስት ቀን መርፌ ሰጣትና፣ «አምስቱንም ቀን ውጊያት። ከጨረስሽ በኋላም አራት ቀን ወተቷን ድፊው» አላት። ቡሩል እንደ ሌላው ጊዜ ሁለት ቀን ወጋቻት። እብጠቱ ጎደል ሲል የተረፈውን መድኃኒት ለሚቀጥለው ላም ብላ ሸሸገችው፤ ቆጣቢ ሴት ናት። ወተቱንም አልደፋችም። እርጎ ልታደርገው ብትል አልረጋ አላት። መርፌው እርሾውን ገድሎት ነበር፤ እሷ ግን የሰው ዓይን ነው ብላ ጠረጠረች። ከሌላ ላም ወተት ጋር ደባልቃ፣ ሳታፈላው፣ አይብ አወጣችው። ሻርሼን ከዚያ አይብ ሲበላ ሰንብቶ ትኩሳት ይዞት ሆስፒታል ሲተኛም ያንኑ አይብ በጨርቅ ቋጥራ ወሰደችለት።

«ያንቺ አይብ እያለ መድኃኒት ምን ያደርግልኛል?» ብሎ በላ።

መድኃኒቱም ምንም አላደረገለት። ሐኪሞቹ አንዱን ትተው ሌላውን ቢሞክሩ፣ ደሙ ውስጥ የገባው ጀርም ሁሉንም ለምዶት ኖሯል። አይቡ ሲመረመር ያው ራሱ እዚያም ተገኘ። «በግማሽ መርፌ ሲነካኩት ይለምደዋል፣ እማ» አለቻት ናዚክ በቀብሩ ማግስት። ለሌላ ለማንም አልተናገረችም።

«ለምን ደፋሽው ብትለኝስ ዙራ?» አለች ቡሩል አሁን፣ ለግድግዳው። «ወንድምሽን እኔ ነኝ ያበላሁት ልበላት?»



«ይኼን አይብ እስቲ ልቅመሰው፣ ጨው እንዳያንሰው» አለች ዙራ ከወዲያ። የድስቱ ክዳን ሲከፈት ተሰማ።

ቡሩል ዞረች። ስድስት ቀን ያልዞረች ሴት ስትዞር ሴቶቹ ሻያቸውን አስቀመጡ። ተነስታ የዙራን እጅ አፏ ሳይደርስ ያዘችው።

«ተይው፣ እትዬ።»

«ምነው? ለእኔ ሳሳሽ?»

«እሱን የገደለው ይኼ ነው። ላሟ ታማ ነበር። ድፊው ስባል ነጭ አይፈስም ብዬ አበላሁት። በዚህ በእጄ።»

ዙራ የያዘችውን አይብ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ መልሳ ድስቱ ውስጥ አኖረችውና እንባዋን በመሐረቧ ጫፍ ጠረገች።

«እኔም ብሆን አልደፋውም ነበር» አለች። «በይ፣ በዚያ በኩል ያዢልኝ። ከባድ ነው።»

ሁለቱ አሮጊቶች ድስቱን ተሸክመው ወጡ፤ ናዚክ ተከተለቻቸው። የከሰዓቱ ፀሐይ ዓይን ይወጋል። ድስቱን ሲያጋድሉት ነጩ ጉድጓዱ ውስጥ ቀስ እያለ ወረደ፣ አፈሩ አጓቱን ጠጣው።

«ሂድ» አለች ቡሩል። «ቤታችንን አይተሃል።» ደህና ሂድ ግን አላለችም።

ድስቱ ጠርዝ ላይ አንዲት ጠብታ ቀርታ ነበር። በጣቷ ጠረገቻትና ጣቷን ወደ አፏ አነሳች፤ ከንፈሯ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ ብላ ሣሩ ላይ ጠረገችው።