ክንፍ የያዘ ጸጉር

«ይቺን ይዟት ይሂድ» አለች ካርመል፣ አባቷ የሠራትን ትንሽ የጌጥ አውሮፕላን እንደ ጫጩት በሁለት እጇ አቅፋ።

እናቷ ፊሎሜና ከወንበሯ ቀና ብላ አየች። ልጅቷ መደርደሪያው ላይ ከተደረደሩት ሁሉ መርጣ ያመጣችው ያችኑ የመሀለኛዋን ነበር።

ባሏ ሊያንደር የእሑድ ልብሱን ለብሶ፣ ሳጥኑ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ሳሎን ተጋድሟል። መጋረጃው ወርዷል፤ የግድግዳው ሰዓት እንዲቆም ተደርጓል። ነገ ጠዋት እስኪቀበር ድረስ የወደቡ ሰው ሁሉ እየገባ ሻዩንና ሮም የሚሉትን አረቄ ይጠጣል፣ ሬሳውን አይቶም «የተኛ ይመስላል» ይላል። አይመስልም። ሊያንደር ሲተኛ ያንኮራፋ ነበር።

«ምርጫ ታውቂያለሽ» አላት ካርመልን የሟቹ የጀልባ ጓደኛ ፎንስ። «ዓሣ ሲዘረግፍ የኖረ እጅ ይህን የመሰለ ክር ይወጥራል ብሎ ማን ያምናል?»

ክር አይደለም። ይህን ፊሎሜና ታውቃለች።

በተጋቡ በመጀመሪያው ክረምት፣ ባሕሩ በረዶ ሆኖ ጀልባ ሁሉ የብስ ላይ ሲወጣ፣ ሊያንደር ከሴንት ጆንስ ከተማ አንድ ሳጥን አስመጣ። ውስጡ በትናንሽ ቁራጭ ሆኖ ሙጫ የሚጠብቅ የጌጥ አውሮፕላን ነው፤ የጥንቱ ዓይነት፣ ክንፍ በክንፍ ላይ የተደረበበት። በሁለቱ ክንፎች መሀል የሚወጠረው ሽቦ ግን ሳጥኑ ውስጥ የለም፣ ሠሪው ነው የሚፈልገው። የስፌት ክር ሞከረ፤ ወፍሮ አባጨጓሬ መሰለበት። ከዚያ ዞር ብሎ የሚስቱን ሹሩባ አየ።

«አንድ ዘለላ ስጪኝ» አላት።

ጸጉሯ ያኔ ጥቁር ነበር። ዘለላዋን በከንፈሮቹ መሀል ስቦ አረጠባት፣ በወረንጦ ይዞ ጫፍና ጫፏን በሙጫ አጣበቃት። ስትደርቅ አጥራ ቀጥ አለች።

«አደራ፣ እንዳትነኪው። አንዷ ከተበጠሰች ክንፉ ይወድቃል።»

ፊሎሜና ያን ቃል እንደ ጸሎት ጠበቀች። አቧራውን እንኳ በጨርቅ አልነካችም፤ ጎንበስ ብላ እፍ ትልበታለች። ሊያንደር የፍቅር ቃል ከአፉ የሚወጣው ሰው አልነበረም፤ እሷም አልጠበቀችም። በየክረምቱ ጸጉሯን ይጠይቃት ነበር፣ ያ በቃት። አውሮፕላኖቹ መደርደሪያው ላይ ተሰለፉ፤ የመጀመሪያዎቹ ገመድ ጥቁር፣ ቀጥሎ ገብስማ፣ መጨረሻው ነጭ። ፊደል ባትቆጥርም ትዳሯን እዚያ ላይ ታነብ ነበር።

አንድ ክረምት እናቷን ልታስታምም ሌላ ወደብ ከረመች። ስትመለስ አዲስ አውሮፕላን ተሠርቶ ጠበቃት። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ስታርፍበት ገመዱ እንደ መዳብ በራ። በነሱ ወደብ ወገቧ ድረስ የሚወርድ ቀይ ጸጉር የነበራት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ሎሬታ፣ ጎረቤቷ። መስጠቱንስ ትስጥ። በከንፈሩ ማርጠቡ ነው ፊሎሜና ጉሮሮ ላይ የቀረው። አልጠየቀችውም። ጠይቃ ውሸት ከምትሰማ ዝም ብላ እውነቱን መያዝ መረጠች።

አሁን ያችው አውሮፕላን ደረቱ ላይ ልትቀመጥ ነው። የሚስቱ ጸጉር መደርደሪያ ላይ አቧራ ሊጠጣ፣ የሎሬታ አብሮት መቃብር ሊወርድ። እንዳይሆን ብትል ደግሞ ይህ ሁሉ ሰው ለምን ይላታል።

በሩ ተከፈተ፤ ሎሬታ ራሷ የዓሣ ጥብሷን በሳህን ይዛ ገባች። ጸጉሯ አጥሯል፣ ነጥቷል።

«እግዜር ያጥናሽ፣ እህቴ» አለች። ከዚያ ካርመል የያዘችውን አየች። እጇ ሳታዘው ወደ ራሷ ጸጉር ሄደ።

ፊሎሜና ያን እጅ አየችው።

«እማዬ፣ ላስቀምጣት?» አለች ካርመል።

«ስጪኝ። አቧራ አላት።»

የሎሬታንም ሳህን ተቀብላ ወደ ማድቤት ገባች። ጥብሱን ገልብጣ ሳህኑን አጠበች፣ አደረቀች። ከዚያ የስፌት መቀሷን አነሳችና አንዷን ገመድ ቆረጠች። ክንፉ ሲወድቅ ልትቀልበው መዳፏን ከሥሩ ዘርግታ ጠበቀች።

አልወደቀም።

ሁለተኛውን ቆረጠች። ሁሉንም ቆረጠች። ክንፉ ንቅንቅ አላለም። ለካ ሙጫው ነው የያዘው። ገመዱ ለዓይን ነው። ዕድሜ ልኳን ትንፋሿን ቆጥባ ያለፈችው ለዚህ ነው።

«ውሸታም» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ።

ቀዩን ጸጉር ጣቷ ላይ ጠቅልላ ሳህኑ መሀል አኖረችው፣ ጨርቅ አለበሰችው። ሎሬታ ላግዝሽ ብላ ብቅ ስትል ሳህኑን ዘረጋችላት።

«ምን አስቸኮለሽ፣ ነገ እወስደው የለ?»

«እዚህ ቤት የሰው ሳህን አያድርም። ባዶውንም አይመለስም።»

ሎሬታ ጨርቁን ገለጥ አደረገች። መልሳ ሸፈነችው።

«አንድ ክረምት ብቻ ነው፣ ፊሎሜና።»

«የኛ አገር ክረምት ረጅም ነው።»

ሎሬታ ሳህኑን ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ ኮቷን እንኳ ሳትወስድ፣ በጓሮ በር ወጣች።

ፊሎሜና አውሮፕላኗን ይዛ ሳሎን ተመለሰች። ፎንስ ገመዱስ ብሎ ጠየቃት፤ አርጅቶ ነበር አለችው። ራቁቷን አውሮፕላን ሊያንደር ደረት ላይ አስቀመጠቻት፣ እጆቹንም ዙሪያዋን አስተካከለች። ከዚያ ጎንበስ አለችና እንደ ልማዷ፣ ምንም እንዳይበጠስ፣ ቀስ ብላ እፍ አለችባት።