የጉምኦክ ሳህን

ፒልሬ ክንዷ ተሰብሮ ለክረምት የሚቀመጠውን የጎመን ኪምቺ ሳትሠራ ልትቀር በነበረበት ሰሞን፣ ጉምኦክ በበርበሬ የታሸ ጎመን በትልቅ ሳህን ሞልታ በሯ ላይ ቆመች። ከመንደሩ ሴት ሁሉ ጉምኦክ!

«እትዬ፣ ሲያልቅ ሌላ አለ» ብላ ሰጥታት ሄደች።

«ምን ፈልጋ ነው?» አለች ፒልሬ በሩን እንደዘጋች።

«እንድንበላ ነዋ» አለ ባሏ ቶክማን፤ የመብያ እንጨቶቹን ይዞ ቀርቧል።

«አንተ ደግሞ ከሆድህ ሌላ ምን ታውቃለህ! እሁድ በቤተ ክርስቲያን የእናቶች ማኅበር መሪ ምርጫ አለ። ድምፄን ፈልጋ ነው።»

«አልተወዳደረችም እኮ።»

«እንግዲያው ልታሳፍረኝ ነው!»

መጠርጠሯ ያለ ነገር አልነበረም። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ሩዝ ባበሰሉ ቁጥር አንድ ማንኪያ ለጌታ ይቀንሱና እሁድ ከሩዙ ሣጥን ይጨምራሉ። ከዓመታት በፊት ሣጥኑ ጎድሎ ሲገኝ «ጉምኦክ ናት» ያለችው ፒልሬ ነበረች። ኋላ ፓስተሩ ሩዙን ለአንዲት አራስ የሰጠው እሱ መሆኑን ነገራትና «ለሴቶቹ ንገሪልኝ» ብሎ ወደ ሌላ አጥቢያ ተዛወረ። ፒልሬ አልነገረችም። ጉምኦክም ከቤተ ክርስቲያኑ ማድ ቤት እንደተገለለች ቀረች።

የጎረቤት ሳህን ደግሞ ባዶውን አይመለስም። ፒልሬ የሰሊጥ ዘይት አድርጋ መለሰችው። በማግስቱ ኪምቺ ሞልቶ መጣ። የደረቀ ዓሣ አድርጋ መለሰችው፤ አሁንም ሞልቶ መጣ።

«ቤቴን ልታራቁተኝ ነው!»

«በዚህ አያያዝሽ» አለ ቶክማን እየበላ፣ «ነገ እኔን ሳህኑ ላይ አስቀምጠሽ ትልኪኛለሽ።»

ሌላ የቀራት ነገር ስላልነበረ ሩዝ ሞልታ ራሷ ይዛ ሄደች። ጉምኦክ ሩዙን ስታይ ፊቷ ተለወጠ፤ ፒልሬም ያመጣችው ምን እንደሆነ ያኔ ገና ገባት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«እትዬ፣ ይሄ የምን ሩዝ ነው?»

«የ... የኪምቺው።»

«ኪምቺውን ሸጬልሽ ነበር?»

«አንቺስ ምን አስበሽ ነው?» ፒልሬ ጮኸች። «ያን ሁሉ አድርጌሽ! ምን አስበሽ ነው የምታበዪኝ?»

«ክንድሽ ተሰብሮ ነዋ» አለች ጉምኦክ። «ሩዙን እንዳልወሰድኩ ማወቅሽን ደግሞ ድሮም አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን አይተሽ አታውቂም። ለኔም ጌታ ይቅር ሲለኝ ምንም አላስከፈለኝም። በይ ሩዝሽን ይዘሽ ሂጂ።»

ፒልሬ መንገዱን ሁሉ ወጥመዱን ስትፈልግ ሄደች። ድምፅ አይደለም፣ ማሳፈር አይደለም፣ ብድር አይደለም። ምንም ስታጣ ይበልጥ ፈራች፤ ተንኮል ቢሆን ኖሮ መልሱን ታውቅበት ነበር። ቤቷ ገብታ ባሏ እያየ አለቀሰች።

እሁድ በቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ተሰብስበው፣ ጉምኦክም ከዳር ቆማ ሳለች፣ ሩዙን ከሳህኑ ሣጥኑ ውስጥ ገለበጠችውና ዞረች። «ያን ጊዜ ጉምኦክ አልሰረቀችም። ፓስተሩ ነግሮኝ ነበር። የደበቅሁት እኔ ነኝ።» ሁሉም የጉምኦክን ፊት ያዩ ጀመር።

ፒልሬ በደህናው እጇ ባዶውን ሳህን ይዛ ወደ ጉምኦክ ሄደች። ዕድሜዋን ሙሉ ባዶ ሳህን ለሰው ዘርግታ አታውቅም። የጉምኦክን ዓይን ግን አየች።

«ኪምቺው አልቋል» አለች። «ጨምሪልኝ።»